ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ማገዶ፣ ጢስና የቁጥር ቋንቋ

ባለፈው ትምህርት የትረካ ድርሰት ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት ተምራችኋል። ተራኪ ያየውን ወይም ያሰበውን አስፍቶና አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት የድርሰት ዐይነት ግን ሌላ ነው፤ የምርምር ዘገባ ይባላል። የምርምር ዘገባ ጸሐፊ ከለካውና ከመረመረው በላይ አይናገርም፤ የተናገረውንም በምን እንዳወቀው ይገልጻል። ስለዚህ በእርሱ እጅ እያንዳንዱ ቃል እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ወይም ከበዛ መላው ሚዛን ይሳሳታል።

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና አንብቡ። ሁለተኛ ስታነቡት እርሳስ ይዛችሁ ቁጥር ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አስምሩባቸው፤ ከየቁጥሩ በፊትና በኋላ ያሉትን ቃላትም ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ
ከካፋ ደን እስከ ምድጃ

ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ ተራሮቹን ያለበሰውን ደን ያያል። ይህ ደን አረቢካ ቡና በዱር ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከ760,000 ሄክታር በላይ የሚሆነውን የካፋ መሬት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። የጥብቅ ስፍራው አሠራር ሦስት ክፍሎች አሉት። ማእከላዊው ደን ሳይነካ ይጠበቃል፤ በዙሪያው ባለው ክፍል የዱር ቡና መልቀምን፣ ቀፎ መስቀልንና ቅመማ ቅመም መሰብሰብን የመሳሰለ ደኑን የማያጠፋ ሥራ ይሠራል፤ በሦስተኛው ክፍል ሕዝቡ ቤት ሠርቶ፣ መሬት አርሶ ይኖራል።

በዚህ በሦስተኛው ክፍል በሚገኘው የገበሬ ቤት ጎሕ ሲቀድ እሳት ይነዳል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ የሚፈላው፣ ቆጮው የሚጋገረው፣ ጎመኑ የሚቀቀለው በእንጨት ነው። በመላ ኢትዮጵያም ቢሆን አገሪቱ ከምትጠቀምበት ጠቅላላ ኀይል ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የሚገኘው ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከእርሻ ተረፈ ምርት ነው።

ይህ ነገር እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ከካፋ ደን የሚነሡ ጅረቶች ወደ ጎጀብ ይወርዳሉ፤ ጎጀብም ወደ ኦሞ ይገባል። በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዐቅም ደግሞ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። ታዲያ እንጨቱ ለምን አልቀረም? አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች ገና ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ መስመር በደረሰባቸውም ቤቶች ዘንድ ቢሆን አምፖል ማብራትና እንጀራ መጋገር እኩል አይደሉም። በዛሬው ጊዜ ለተለመደው አምፖል ከ10 እስከ 20 ዋት ሲበቃው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ምጣዱን መግዛትም ሆነ የፍጆታውን ሒሳብ መክፈል ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ብዙ ያባክናል። ነፋስ ነበልባሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ሙቀቱም በጉልቻዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ይበተናል። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከሙቀቱ ከፊሉ በውስጡ ያለውን ውኃ ለማትነን ይውላል። በዚህ የተነሣ ከእንጨቱ ኀይል ወደ ድስቱ የሚገባው ከመቶ 10 እጅ ያህል ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል። እናት ወይም እኅት ከጫካ ተሸክማ ካመጣችው ዐሥር እንጨት ምግቡን የሚያበስለው አንዱ ነው ማለት ነው፤ ዘጠኙ የሚያሞቀው አየሩን ነው።

ብክነቱ በሙቀት ብቻ አያበቃም። እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ክፍል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝና ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። በጢሱ ውስጥ ካሉት ነገሮች እጅግ ጎጂ ከሚባሉት አንዱ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ለሠላሳ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህላል። እንዲህ ያለው ብናኝ በአፍንጫ አይጣራም፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ ገምቷል። ጢስ ጥቅም አለው የሚሉም አሉ፤ የሣር ክዳኑን ከነቀዝ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የበቆሎ ዘር ከተባይ ይጠብቃል ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዘሩን የሚጠብቀው ጢስ እናቲቱንና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ለይቶ አያልፍም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ማገዶስ ይቆጥብ ይሆን? የኢትዮጵያ የኀይል ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ ያወጡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር። ምድጃው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል፤ እሳቱን ዙሪያውን ይከልላል። በመጀመሪያ በቤተ ሙከራ ሲፈተን ከሦስት ጉልቻ ጋር ተነጻጽሮ ማገዶን ከመቶ 50 እጅ ያህል እንደሚቀንስ ታየ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ምድጃውን ወደ ገጠር ወስደው፣ የገጠር ሴቶች እንጀራ ሲጋግሩበት ማገዶውን መዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤታቸው እንዳሳየው፣ ቁጠባው ከመቶ ከ22 እስከ 31 እጅ ነበር። ይህም በቤተ ሙከራ ከተገኘው ግማሽ ያህል ነው።

ስለ ጤናም የተገኘው ማስረጃ ጥንቃቄ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በማላዊ ገጠር የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ የተሻሻለ ምድጃ በተሰጣቸውና በቀድሞው እሳት በቀጠሉት ቤተሰቦች ሕፃናት መካከል በሳንባ ምች በመያዝ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ምድጃው ማገዶ ይቆጥብ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕፃን የሚተነፍሰው የአንድን ምድጃ ጢስ ብቻ አይደለም። የጎረቤት እሳት፣ የሚቃጠል ቆሻሻና የትምባሆ ጢስም አሉ።

ስለ ደኑስ ምን ይታወቃል? የጀርመኑ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ናቡ በካፋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃዎችን አከፋፍሏል፤ ከአካባቢው ሕዝብ የተመለመሉ የደን ዘቦችንም በሥራ ላይ አሠማርቷል። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዘቦች ጋር ሆነው የደኑን ለውጥ በሁለት መንገድ ተከታትለዋል። በአንድ በኩል ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ያነሡትን ሥዕል መረመሩ። አንድ ላንድሳት በየ16 ቀኑ በአንድ ስፍራ ላይ ያልፋል፤ የሥዕሉ አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ትሸፍናለች። በሌላ በኩል ዘቦቹ በእግራቸው ወደ ስፍራው እየሄዱ ያዩትን በተንቀሳቃሽ ስልክ መዘገቡ። ሳተላይቱ ዛፍ መጥፋቱን ያሳያል፤ ለምን እንደ ጠፋ ግን ሊናገር አይችልም። ደመና ሲሸፍነው ደግሞ ጭራሽ አያይም። ዘቡ ስፍራው ለእርሻ ተመንጥሮ፣ ለቡና ተመልምሎ ወይም ለማገዶ ተቆርጦ እንደ ሆነ ለይቶ ይጽፋል። የካፋ ደን የሚመናመነው በማገዶ ምክንያት ብቻ ስላልሆነ ይህ ልዩነት ከባድ ዋጋ አለው። የእርሻ መስፋፋት፣ ሰፈራ፣ የቡናና የሻይ ተክል ልማትም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ ምድጃ ብቻውን ደን ያድናል ማለት ከማስረጃው አልፎ መሄድ ነው፤ ምድጃ ለደኑ አይረዳም ማለትም እንዲሁ።

ለ. የቃላት ፍቺ

ጉልቻ፦ ድስት ወይም ምጣድ የሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች።
ደቃቅ ብናኝ፦ በዐይን የማይለይ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ እጅግ ትንሽ ቅንጣት።
ተረፈ ምርት፦ እህል ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀር አገዳ፣ ገለባና የመሳሰለው።
የደን ዘብ፦ ደንን እየተዘዋወረ የሚጠብቅ ሠራተኛ።
ማስረጃ፦ አንድ አባባል እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር።

ሐ. የምንባቡ ጥያቄዎች

1. የኤሌክትሪክ መስመር የደረሰባቸው ብዙ ቤቶች አሁንም በእንጨት የሚያበስሉት ስለምንድን ነው?
2. እርጥብ እንጨት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚያስፈጀው ለምንድን ነው?
3. ተመራማሪዎቹ ለሳተላይት ሥዕል የደን ዘቦችን ምስክርነት ያከሉት ለምንድን ነው?
4. የምንባቡ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ሁለት አባባሎችን ይነቅፋል። የትኞቹን? ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ጉድለትስ ምንድን ነው?

መ. ሰዋስው፦ የመጠንና የእርግጠኝነት ቃላት

1. «እስከ»፣ «ያህል»፣ «ቢያንስ»

የሚከተሉትን አራት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

(ሀ) ምድጃው ማገዶን እስከ 50 ከመቶ ይቀንሳል።
(ለ) ምድጃው ማገዶን 50 ከመቶ ያህል ይቀንሳል።
(ሐ) ምድጃው ማገዶን ቢያንስ 22 ከመቶ ይቀንሳል።
(መ) ምድጃው ማገዶን ከ22 እስከ 31 ከመቶ ይቀንሳል።

«እስከ» ብቻውን ሲገባ ጣሪያውን እንጂ ወለሉን አያመለክትም። ቁጠባው 5 ከመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ዐረፍተ ነገር (ሀ) ሐሰት አይባልም። ስለዚህ «እስከ» ሻጭ የሚወደው ቃል ነው፤ ገዢው የሚሰማው 50ን ሲሆን፣ ሻጩ ቃል የገባው ግን ምንም አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው መሆኑ ነው። «ያህል» እና «ገደማ» ቁጥሩ ግምት መሆኑን ይናገራሉ። «ቢያንስ» ወለሉን ያስቀምጣል። «ከ… እስከ…» ተጣምሮ ሲገባ ግን ወለሉንም ጣሪያውንም ስለሚያሳይ አንባቢው ራሱ እንዲመዝን ያስችለዋል።

ይህ የቃላት ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው በስሌት እንመልከተው። አንድ ቤተሰብ ለእንጀራ በሳምንት 50 ኪሎ ግራም እንጨት ያነዳል እንበል። ቁጠባው 50 ከመቶ ከሆነ 25 ኪሎ ግራም ይቀራል። ከ22 እስከ 31 ከመቶ ከሆነ ግን የሚቀረው ከ11 እስከ 15.5 ኪሎ ግራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ9.5 እስከ 14 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ በየሳምንቱ ከጫካ በምትመለሰው እናት ጀርባ ላይ ግን ሸክም ነው። የተጋነነ ተስፋ ተነግሯት ምድጃውን የገዛች እናት፣ እንደ ተባለው ሳታገኘው ስትቀር ምድጃውን ወደ ጓዳ ትጥለዋለች፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ቁጠባም አብሮ ይጠፋል።

2. የግሡ መልክና የእርግጠኝነት ደረጃ

አማርኛ የጸሐፊውን እርግጠኝነት በግሡ መልክ ይለያል። ከጠንካራው ወደ ደካማው ቢደረደር እንደሚከተለው ነው።

ማገዶው መቀነሱ ተመዝኖ ታውቋል። (ተለክቷል፤ ማስረጃ አለ።)
ማገዶው ሳይቀንስ አይቀርም። (ጸሐፊው በምክንያት ያምናል፤ አልለካም።)
ማገዶው ሊቀንስ ይችላል። (የሚሆን ነገር ነው፤ ላይሆንም ይችላል።)
ማገዶው ይቀንሳል ይባላል። (ባለቤት የሌለው ወሬ ነው።)

በተለይ «ይባላል»፣ «ተብሏል»፣ «ይነገራል» የሚሉትን ተደራጊ ግሦች ተጠንቀቁ። ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ይሰውራል። «እንጨቱ በሚዛን ተመዘነ» ስንል መዛኙ ማን እንደ ሆነ ባይታወቅ ብዙ አይጎዳም። «ምድጃው ጠቃሚ እንደ ሆነ ተረጋገጠ» ስንል ግን አንባቢ «ማን አረጋገጠው? በምን?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልስ ከሌላችሁ ዐረፍተ ነገሩን አትጻፉት።

3. «ከ… በኋላ» እና «ስለ…»

(ሀ) አዲሱ ምድጃ ከገባ በኋላ የሕፃኑ ሳል ቀነሰ።
(ለ) አዲሱ ምድጃ ስለ ገባ የሕፃኑ ሳል ቀነሰ።

(ሀ) የሁለት ነገሮችን ተከታይነት ብቻ ይናገራል። (ለ) ግን የመጀመሪያው ነገር የሁለተኛው ምክንያት ነው ይላል። ምድጃው የገባው በክረምት ማብቂያ ከሆነ ሳሉ የቀነሰው ብርዱ ስላለፈ ሊሆን ይችላል። ከ(ሀ) ወደ (ለ) ለመሻገር ምድጃ ያልገባላቸውን ቤቶች በዚያው ወቅት ማየትና ማነጻጸር ያስፈልጋል። የማላዊው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሠ. ድርሰት፦ የምርምር ዘገባ አጻጻፍ

የምርምር ዘገባ ዐምስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ገደብና ምክር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘሉት ገደብን ነው። ገደብ ማለት «ይህ ጥናት ምን አያሳይም?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ገደቡን የሚናገር ጸሐፊ ድካሙን የሚያሳንስ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢ የሚያምነው እርሱን ነው።

የሚከተለው አንቀጽ ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ ነው።

«ደረቅ እንጨት ከእርጥብ እንጨት ምን ያህል ማገዶ እንደሚቆጥብ ለማወቅ በአንድ ቤት ውስጥ ለ14 ቀናት ማገዶ መዘንን። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አዲስ የተቆረጠ፣ በሚቀጥሉት 7 ቀናት በጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት ነደደ። በደረቁ እንጨት ሳምንት የነደደው ማገዶ በክብደቱ አነሰ። ሆኖም እርጥብ እንጨት በውስጡ ባለው ውኃ ምክንያት ስለሚከብድ፣ ከልዩነቱ ከፊሉ የውኃው ክብደት ነው። በተጨማሪም ያየነው አንድ ቤት ብቻ ስለ ሆነ ውጤቱ ለሌሎች ቤቶች ይሠራል ማለት አንችልም። ቢሆንም እንጨት ማድረቅ ገንዘብ ስለማያስወጣ ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲሞክሩት እንመክራለን።»

በአንቀጹ ውስጥ ዐምስቱን ክፍሎች እየለያችሁ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ። «ሆኖም»፣ «በተጨማሪም» እና «ቢሆንም» የሚሉት አያያዦች የሐሳቡን አቅጣጫ እንዴት እንደሚለውጡም አስተውሉ።

ረ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ ማስረጃ ጋር በሚስማማ መንገድ አርማችሁ ጻፉ።
(ሀ) ምርጥ ምድጃ በገጠር ቤቶች ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል።
(ለ) የካፋ ደን የሚመናመነው ሰዎች ማገዶ ስለሚቆርጡ ነው።
(ሐ) የማላዊው ጥናት የተሻሻለ ምድጃ ምንም ጥቅም እንደሌለው አረጋገጠ።

2. የታጠበ ቡና በሚዘጋጅባቸው ስፍራዎች የቡናው ሥጋና ሙጫ ያለበት ውኃ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። በውኃው ያለውን ስኳር የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳት በወንዙ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሦችና የውኃ ነፍሳትም ይታፈናሉ። ይህን ጉዳት ለመቀነስ አነስተኛ ውኃ የሚጠቀሙ መፈልፈያዎችን መትከል፣ ፍሳሹን በጉድጓድ ማቆየት፣ የቬቲቨር ሣር በተተከለበት ረግረግ ማሳለፍና የቡናውን ሥጋ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መለወጥ ይቻላል። በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ ከመንሥኤ ወደ ውጤት፣ ከውጤት ወደ መፍትሔ የሚሄድ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ስለ…»፣ «በዚህ የተነሣ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙ።

3. እናታችሁን ወይም በቤታችሁ ምግብ የሚያበስለውን ሰው አስፈቅዳችሁ፣ በቤታችሁ የሚነደውን እንጨት ወይም ከሰል ለ7 ቀናት መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ በእቅፍ ወይም በጣሳ ቁጠሩ፤ በምን እንደ ለካችሁ ግን ጻፉ። በቤታችሁ የሚበሰለው በኤሌክትሪክ ከሆነ የቆጣሪውን ቁጥር በየማታው መዝግቡ። ከዚያም ከ150 ቃላት የማይበልጥ የምርምር ዘገባ አዘጋጁ።

4. የጻፋችሁትን ዘገባ ማገዶውን ለሚሸከመውና ምግቡን ለሚያበስለው ሰው አንብቡለት። እርሱ ወይም እርሷ «ይህስ እንዲህ አይደለም» ያሉትን ሁሉ መዝግባችሁ ዘገባችሁን አርሙ። መጀመሪያ የጻፋችሁትንና የታረመውን ሁለቱንም ለመምህራችሁ አስረክቡ።